ቤተሰብ ላልመሠረተች ልጅ የቤተሰብ ምጣኔ

መርካቶ የማይገኝ ነገር የለም ይባላል። እውነት ነው። ከምናለሽ ተራ ሌላው የጣለውን ብሎን፣ ከሸማ ተራ የሠርግ ልብስ፣ ከበርበሬ በረንዳ የዓመት በርበሬ ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ጅምላ የፈለገ ጅምላውን፣ እፍኝ ዝንጅብል የፈለገም እፍኙን ያገኛል። ገንዘብ ያጠረው ይከራከራል፣ ቦታው የጠፋው ደላላ ይይዛል። ደግሞ የመርካቶ ትልቁ ጥበብ ምን መሰላችሁ? ገዢውን "አግብተሃል? አላገባህም?" ብሎ አይጠይቅም። ፈላጊ ካለ ዕቃው ይቀርባል፣ አለቀ።

በዚሁ ሰፈር፣ በእነዚሁ ተራዎች መካከል፣ ለአንዲት ድሃ ልጅ በቀላሉ የማይደርሳት አንድ ነገር አለ። የእርግዝና መከላከያ ነው። "ምን ነካህ፣ ፋርማሲው ሁሉ ሞልቶት የለ?" ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ሸቀጡ ሞልቷል። የጎደለው አገልግሎቱ ነው። ሳይገላምጥ የሚያነጋግራት ሰው፣ የትኛው እንደሚስማማት የሚነግራት ባለሙያ፣ ከሥራ በምትወጣበት ሰዓት የተከፈተ በር። የዛሬው ወሬዬ ስለ ውርጃ ነው፤ ከመከላከያ የጀመርኩት ግን ያለምክንያት አይደለም።

ውርጃ ሲነሳ ወዲያው ሁለት ጎራ ይለያል። አንዱ "ነፍስ ነው፣ ኃጢአት ነው" ይላል፤ ሌላው "የሴቲቱ ሕይወት ነው፣ ውሳኔውም የእሷ ነው" ይላል። ክርክሩ የትም አገር አላለቀም፣ እኛም ጋ ዛሬ አያልቅም። አንድ ነገር ላይ ግን ሁለቱም ጎራዎች የሚስማሙ ይመስለኛል፤ ላቋርጠው ብላ የምታረግዝ ሴት የለችም። ከውርጃው በፊት ያልተፈለገ እርግዝና አለ። ከዚያም በፊት አንድ ቀን፣ መከላከያ ቢኖር ኖሮ ነገሩ ሁሉ የማይመጣበት ቀን ነበረ። ጭቅጭቃችን ሁሉ የመጨረሻው ቀን ላይ ሆኖ የመጀመሪያውን ቀን ረስተነዋል።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ውርጃን የሚፈቅደው እናቲቱን ከከባድ አደጋ ለማዳን ሲሆን ብቻ ነበር። የሚገርመው፣ ያው ሕግ የእርግዝና መከላከያን ማስተዋወቅንም ይከለክል ነበር። ውርጃውንም መከላከያውንም በአንድ ላይ ዘግተን ስንቀመጥ የሆነው ይታወቃል። ሴቶች በድብቅ፣ በጓዳ፣ ባልተማረ እጅ አስወረዱ፤ ብዙዎቹም ሞቱ። ለረጅም ዘመን የአገራችን እናቶች ከሚሞቱባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር።

በግንቦት 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ነገሩን ቀየረው። በአንቀጽ 551 መሠረት እርግዝናው በመደፈር ወይም በቅርብ ዘመዳሞች መካከል የመጣ ከሆነ፣ የእናቲቱን ወይም የፅንሱን ሕይወት ወይም የእናቲቱን ጤና አደጋ ላይ የሚጥል ከሆነ፣ ፅንሱ ሊድን የማይችል ከባድ ጉድለት ካለበት፣ ወይም እናቲቱ በአካል ወይም በአእምሮ ጉዳት ምክንያት አልያም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ልጁን ለማሳደግ የማትችል ከሆነ በሐኪም እጅ ማቋረጥ አያስቀጣም። በመደፈርም ሆነ በዘመድ የመጣ እርግዝና ከሆነ የእሷ ቃል ብቻ በቂ ነው፤ ፖሊስ ጣቢያ ተመላልሳ ማስረጃ አምጪ አትባልም። ይህ ሕግ ነፍስ አድኗል ብዬ አምናለሁ፤ ወደ ኋላ ይመለስ የሚሉትንም አልደግፍም። ሕጉ ግን ከእርግዝናው በኋላ ያለውን ነው የሚያስተካክለው። ከዚያ በፊት ያለው የእኛ የቤት ሥራ ነው።

ቁጥሩን እንየው

በፈረንጆቹ 2008 እና 2014 ኢትዮጵያ ውስጥ ስለ ውርጃ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ተካሂደዋል። በ2014 በአገሪቱ ወደ 620,300 የሚጠጉ ውርጃዎች እንደተፈጸሙ ተገምቷል። ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ 1,000 ሴቶች 28 ማለት ነው፤ በ2008 22 ነበር። ከፍተኛው ቁጥር የታየው በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና በሐረሪ ነው። ደስ የሚለው፣ በጤና ተቋም የተደረገው ከ27 በመቶ ወደ 53 በመቶ ማደጉ ነው። የሚያስፈራው ደግሞ ወደ 294,100 የሚሆነው አሁንም ከጤና ተቋም ውጭ መፈጸሙ ነው። በዚያው ዓመት ከነበሩት እርግዝናዎች 38 በመቶዎቹ ያልታሰቡ ነበሩ። ከአሥር እርግዝና አራት ሊሞላ ምንም አልቀረው!

እዚህ ላይ አንድ ብልህ አንባቢ እጁን ያወጣል። "ቆይ እንጂ፣ በእነዚያ ዓመታት መከላከያ የሚጠቀሙ ሴቶችም ጨምረዋል እኮ። መከላከያ ውርጃን የሚቀንስ ከሆነ ሁለቱ አንድ ላይ ለምን ጨመሩ?"

ጥሩ ጥያቄ ነው። በእርግጥም በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ መሠረት መከላከያ የሚጠቀሙ ባለትዳር ሴቶች በፈረንጆቹ 2000 8 በመቶ ነበሩ፤ በ2005 15፣ በ2011 29፣ በ2016 36፣ በ2019 ደግሞ 41 በመቶ ደርሰዋል። ግሩም እድገት ነው። ታዲያ ውርጃው ለምን አልቀነሰም?

መልሱን ባንግላዴሽ አግኝቶታል። ማትላብ በሚባል ገጠር ከ1977 ጀምሮ አንድ ሙከራ ተደረገ። ግማሹ አካባቢ መንግሥት በየትም ቦታ የሚሰጠውን የተለመደ አገልግሎት አገኘ። በሌላው ግማሽ ግን ሴት የጤና ሠራተኞች በየሁለት ሳምንቱ ቤት ለቤት እየዞሩ ልዩ ልዩ መከላከያ አቀረቡ፣ ችግር የገጠማትን ሴት ጠየቁ፣ ያልተስማማትን ቀየሩላት። በሁለቱም ቦታ ሰው የሚፈልገው የልጅ ቁጥር እኩል እየቀነሰ ሄደ። በ2001 የወጣው ጥናት እንዳሳየው ግን የተለመደው አገልግሎት ባለበት ውርጃ ጨመረ፤ አገልግሎቱ በተሻሻለበት ዝቅ እንዳለ ቀረ።

ገባችሁ? ሰው ጥቂት ልጅ መውለድ ሲፈልግ ፍላጎቱ ከአገልግሎቱ ቀድሞ ይሮጣል። አገልግሎቱ እስኪደርስበት ድረስ ክፍተቱን የሚሞላው ውርጃ ነው። ክፍተቱን ለመዝጋት ደግሞ የመከላከያ መኖር ብቻ አይበቃም፤ አሰጣጡ ነው የሚወስነው።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። የከተማችን ሴት በአማካይ የምትወልደው የልጅ ቁጥር በፈረንጆቹ 2005 1.4፣ በ2016 1.8 ነበር። ከሁለት በታች ነው፤ ከአውሮፓ ከተሞች አይለይም። ፍላጎቱ እዚህ ደርሷል። መከላከያ የሚጠቀሙት የአዲስ አበባ ባለትዳሮች ግን በ2011 63 በመቶ ገደማ የነበሩት በ2016 56 በመቶ ገደማ ሆነው ተገኙ። አገሪቱ ወደ ላይ ስትወጣ ዋና ከተማዋ ወረደች። ውርጃ በከተማ የበዛው ለምን እንደሆነ ከዚህ በላይ ማብራሪያ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

"ባለትዳር" የሚለው ቃል

ከላይ የጠቀስኳቸውን ቁጥሮች መለስ ብላችሁ አንብቧቸው። "ባለትዳር ሴቶች" ነው የሚሉት። ዜና ላይ የሚነበበው፣ ዕቅድ ላይ የሚጻፈው፣ ስብሰባ ላይ የሚጨበጨብለት ቁጥር የባለትዳሮች ነው። የአገልግሎቱ ስም ራሱ "የቤተሰብ ምጣኔ" ነው። ቤተሰብ ያልመሠረተች ልጅ ይህን ታፔላ ስታይ "ለእኔ ነው" ትላለች?

እንበል አንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ከጎጃም ወይም ከወሎ ተነስታ አውቶቡስ ተራ ወረደች። ደላላ ተቀበላት፣ አዲስ ከተማ ውስጥ አንድ ቤት ሠራተኛ ሆና ገባች። ከንጋት እስከ ምሽት ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ ልጅ ትይዛለች። ከቤት የምትወጣው ገበያ ስትላክ፣ እድለኛ ከሆነች ደግሞ ለማታ ትምህርት ነው። አንድ ወንድ ታውቃለች፤ ጎረቤት ሱቅ የሚሠራ ወይም አብሯት የሚማር። ይህች ልጅ መከላከያ ብትፈልግ የት ትሂድ?

ጤና ጣቢያ ነጻ ነው። በመንግሥት ጤና ጣቢያ መከላከያ አይከፈልበትም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ጤና ጣቢያው በደንብ የሚሠራው በመንግሥት የሥራ ሰዓት ነው፤ የመንግሥት የሥራ ሰዓት ደግሞ የእሷም የሥራ ሰዓት ነው። ማስፈቀድ አለባት። ማስፈቀድ ማለት ለእትዬ ምክንያት መናገር ማለት ነው። እሺ ዋሽታ ወጣች እንበል። ካርድ ክፍል ተሰለፈች፤ ሰልፉ ላይ ያሉት ሴቶች የሰፈር ሴቶች ናቸው። ውስጥ ስትገባ የምትጠየቀው "ባለትዳር ነሽ?" ነው። "አይ" ስትል የሚከተለውን ፊት እናንተም ታውቁታላችሁ።

የከተማ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከፈረንጆቹ 2009 ጀምሮ ነርሶችን ቤት ለቤት ያሰማራ ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን አስቡት፤ ነርሷ ስታንኳኳ በሩን የምትከፍትላት ማን ናት? ሠራተኛዋ። ነርሷ ቁጭ ብላ የምታነጋግረው ማንን ነው? እመቤቲቱን። መከላከያው በጣም የሚያስፈልጋት ልጅ ቡና አቅርባ ወደ ጓዳ ትመለሳለች።

ስለዚህ የሚቀራት ፋርማሲ ነው። ፋርማሲ ላይ ፖስትፒል አለ፤ ስሙን ከጓደኛዋ ሰምታለች፣ ዋጋውም አይጎዳም፣ ማንም አይጠይቃትም። መርካቶኛ ግዢ ነው። ፖስትፒል መጥፎ መድኃኒት አይደለም፤ ከግንኙነት በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቶሎ በተወሰደ ቁጥር ደግሞ የበለጠ ይሠራል። የተያዘን እርግዝና አያቋርጥም፤ እንዳይያዝ ነው የሚያደርገው። ነገር ግን የተሠራው ለድንገተኛ ነው። በየሳምንቱ ከተወሰደ ከመደበኛዎቹ መከላከያዎች ያነሰ ይከላከላል፤ ከኤችአይቪና ከአባላዘር በሽታ ደግሞ ጭራሽ አያድንም። ይህን የሚነግራት ግን የለም። የከተማ ወጣት ድንገተኛውን መድኃኒት የዘወትር ያደረገችው ሰነፍ ስለሆነች አይመስለኝም፤ ሳያሳፍር የሚሸጥላት እሱን ብቻ ስላገኘች ነው።

"ያመክናል" የሚለው ወሬ

ሌላው ግድግዳ ወሬ ነው። "መርፌው ያመክናል"፣ "ክንድ ውስጥ የሚቀበረው ወደ ልብ ይሄዳል"፣ "ሉፕ ያቆስላል"። ስንሰማው እንስቃለን፤ ግን አንዳንዱ ወሬ ሥር አለው። በአገራችን በብዛት የሚወሰደው የሦስት ወሩ መርፌ ነው፤ በ2016 ከባለትዳር ሴቶች 23 በመቶ የሚሆኑት እሱን ነበር የሚጠቀሙት። መርፌውን ያቆመች ሴት እንደገና እስክትፀንስ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ በአማካይ አሥር ወር ገደማ ሊፈጅባት ይችላል። መዘግየት ነው እንጂ መምከን አይደለም። ይህን አስቀድሞ ያልሰማች ሴት ግን በስድስተኛው ወር "መከንኩ" ብላ ለጎረቤት ትናገራለች፤ ጎረቤትም ለሰፈር። ወሬውን የወለደው ያልተነገረው ማብራሪያ ነው።

ደግሞ ለዚያች ሠራተኛ ልጅ መርፌ ይመቻል? ዛሬ አንድ ቤት ናት፣ ከሦስት ወር በኋላ የት እንደምትሆን አታውቅም። የክንዱ ሦስት ወይም አምስት ዓመት ይሠራል፣ ስትፈልግ ይወጣል፣ ቀጠሮ አያስቆጥራት። አምስት ደቂቃ ብቻ የሚያወያያት ሰው ቢኖር ምናልባት እሱን ትመርጥ ነበር። ምርጫ ማለት መደርደሪያ ላይ አምስት ዓይነት ማስቀመጥ ብቻ አይደለም። ይህቺ ለዚህ ኑሮ፣ ያቺ ለዚያ ኑሮ ብሎ መምከርም ነው። የመርካቶ ነጋዴ ጫማ ሲሸጥ የሚያደርገውን ያህል ማለት ነው።

መርካቶ ላይ ተሞክሯል

"ይህ ሁሉ ህልም ነው" የሚል ካለ፣ እዚሁ መርካቶ ተሞክሯል ልበለው። በፈረንጆቹ 2006 ፖፑሌሽን ካውንስል ከመንግሥት አካላት ጋር ሆኖ "ብሩህ ተስፋ" የሚባል ፕሮግራም አዲስ ከተማ ላይ ጀመረ። የተሠራው በአብዛኛው ከትምህርት ገበታ ውጭ ለሆኑ ልጃገረዶች ነበር፤ ከክፍለ ሀገር ለመጡ፣ ቤት ሠራተኛ ለሆኑ፣ ወላጅ አጠገባቸው ለሌለ። ሴት አስተማሪዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ልጆቹን ፈለጉ። አሠሪዎችን አነጋግረው ልጅቷ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት እንድትወጣ አስፈቀዱ። ማንበብና መጻፍ፣ ስለ ሰውነታቸው፣ ስለ ኤችአይቪ፣ ስለ ቁጠባ ተማሩ። መታወቂያ እንዲያወጡና የጤና አገልግሎት እንዲያገኙም ተረዱ። ፕሮግራሙ በኋላ ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፍቷል።

ነርሷ ያላየቻትን ልጅ ብሩህ ተስፋ አይቷታል። በሩን የምትከፍተውን ልጅ "አንቺስ?" ብሎ ጠየቃት። እንደሚቻል ከዚህ በላይ ማረጋገጫ አልፈልግም።

"ልቅነት አይሆንም ወይ?"

ትልቁ ተቃውሞ ይኸኛው ነው። "ላላገባች ልጅ መከላከያ መስጠት ሂጂ እንደማለት ነው።" የብዙ ወላጆች ጭንቀት ስለሆነ አልስቅበትም። ግን ያንኑ ክርክር በኤድስ ዘመን በኮንዶም ላይ ሰምተነዋል። ስንከራከር ስንት ወጣት ቀበርን? በመጨረሻ ኮንዶም በየኪዮስኩ ተሸጠ፤ ምግባርን ያስተማረ ቤተሰብም ማስተማሩን አላቋረጠም። ራጉኤልም አንዋር መስጊድም ዛሬም መታቀብን ያስተምራሉ፣ ያስተምሩ። የሰማ ይታቀብ። ያልሰማችውን ልጅ ግን ቅጣቷ የጓዳ ውርጃ ይሁን የሚል ሃይማኖት አላውቅም።

ደግሞም ሁሉም እርግዝና የፍቅር ውጤት አይደለም። አሠሪዋ ወይም የአሠሪዋ ልጅ የደፈራት ልጅ አለች። ለእሷ ፒልስ መልስ አይሆናትም፤ ሕግ፣ ፍርድ ቤትና አንቀጽ 551 ናቸው የሚደርሱላት። መከላከያ ውርጃን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። ለዚህ ነው ሁለቱንም በሮች መክፈት ያለብን፤ የመጀመሪያው በር በሰፋ ቁጥር ግን ሁለተኛውን የምታንኳኳዋ ትቀንሳለች።

የሰው እጅ የማየት ነገር

ሌላው የሚያስጨንቀኝ መከላከያው በማን ገንዘብ እንደሚገዛ ነው። አሜሪካ ከ1984 ጀምሮ ፕሬዚዳንት በተቀያየረ ቁጥር የምታወጣውና የምታነሳው መመሪያ አላት፤ ስለ ውርጃ የሚያማክር ወይም አገልግሎቱን የሚሰጥ የውጭ ድርጅት ገንዘቧን አያገኝም። የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር ከ1966 ጀምሮ መከላከያ ሲያዳርስ የኖረ አንጋፋ ድርጅት ነው። በ2001 ይህን ግዴታ አልፈርምም በማለቱ ድጋፉን አጣ፤ በ2017ም ተደገመ። የተቆረጠው ገንዘብ ደግሞ መከላከያ የሚያድለውን ክንፍም ነው የሚመታው።

ውጤቱስ? በ2019 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች 26 የአፍሪካ አገሮችን አጥንተው መመሪያው በሥራ ላይ በዋለባቸው ዓመታት የአሜሪካ እርዳታ በብዛት ይደርሳቸው በነበሩ አገሮች መከላከያ መጠቀም በ14 በመቶ ሲቀንስ ውርጃ በ40 በመቶ ገደማ መጨመሩን አሳዩ። ውርጃን ልቀንስ ብሎ የተነሳው መመሪያ ውርጃን አበዛ! በጥር 2025 መመሪያው እንደገና ተመለሰ፤ በዚያው ዓመት ዩኤስኤይድ ራሱ ተዘጋ። እንግዲህ የአዲስ ከተማ ልጅ ታርግዝ አታርግዝ ዋሽንግተን ላይ በሚፈረም ወረቀት እየተወሰነ ሊቀጥል ነው? አገር ማዳበሪያ በራሷ በጀት ከገዛች መከላከያም መግዛት አለባት።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ፈላስፋ አያስፈልግም፤ መርካቶን ማየት ይበቃል። አንደኛ፣ ሰዓት። ቢያንስ በየክፍለ ከተማው አንድ ጤና ጣቢያ ከሥራ በኋላና እሑድ የመከላከያ ክፍሉን ይክፈት። ሁለተኛ፣ ቦታ። ሠራተኞቹ ልጆች በአንድ ላይ የሚገኙት የማታ ትምህርት ቤት ነው፤ ነርሷ በሳምንት አንድ ምሽት እዚያ ትገኝ። ሦስተኛ፣ ጥያቄው። "ባለትዳር ነሽ?" የሚለው ይቅርና "ምን ልርዳሽ?" ይባል። አራተኛ፣ ለማቋረጥ የመጣችን ሴት የምትመርጠውን መከላከያ ሳትይዝ አለመሸኘት፤ ሳይጫኗት፣ አስረድተዋት። አምስተኛ፣ ሰውየው። ይህን ሁሉ ስናወራ እሱ የት ነው? ኮንዶም ኪስ ውስጥ ማስቀመጥ የሴት ሥራ አይደለም፤ ይህን የምታነቡ ወንድሞቼ፣ እናንተን ነው።

ከእነዚህ ውስጥ አዲስ ሕግ የሚጠይቅ የለም። ሰዓት መቀየር፣ ወንበር ማዞር፣ አንድ ጥያቄ መተው ነው። ውርጃ አንገፍግፎናል የምንል ሁሉ፣ በሃይማኖትም ይሁን በመብት በኩል የቆምን፣ ቁጣችንን ለአንድ ወር ወደዚህ እናዙረው። የየወረዳችንን ጤና ጣቢያ "ማታ ለምን አይከፈትም?" ብለን እንጠይቅ። ቤታችን ሠራተኛ ካለችም እሑድ ከሰዓት በኋላ እንፍቀድላት፤ የት እንደምትሄድ ግን አንጠይቃት።